ደጋፊው የቡድኑን ቀለም የማይለብሰው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተማሪ ሳለሁ የዲፓርትመንታችን የስፖርት ተጠሪ ነበርኩ። ኮሌጁ መሀል አዲስ አበባ ነው፤ ስሙ ይቆይ። የዲፓርትመንቶች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰና «ሁላችንም ሐምራዊ ለብሰን እንገኝ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የለጠፍኩት በጨዋታው ዕለት ጠዋት ነው። ሐምራዊ ለብሶ የመጣው ስድስት ሰው። አንዷ ማስታወቂያውን ጭራሽ አላየችውም፤ እንዲሁ ገጥሟት ነው። ያን ቀን ማታ ካፌ ቁጭ ብዬ ልጆቹን ስወቅስ አመሸሁ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊ ለማስተባበር የሚሞክሩ ልጆች ሁሉ የኔኑ ወቀሳ ሲደግሙ እሰማለሁ።

«ያልለበሰ ሰው ቡድኑን አይወድም»

ይህ የኔው ስህተት ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ከክፍል ወጥቶ በቀጥታ ሜዳ ነው የመጣው። ለመጮህማ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኋል። ሐምራዊ ልብስ ግን ማን አለው? እስቲ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱና እዩ። ጠዋት ነግረኸው ከሰዓት ከየት ያምጣ? ዶርም የሚያድረው ሐምራዊ ካለው ጓደኛው ይዋስ ይሆናል። ከቤቱ በታክሲ የሚመላለሰው ግን ጠዋት የለበሰውን ልብስ ነው ለብሶ የሚውለው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ መንገር፣ ዋዜማውን ደግሞ ማስታወስ የግድ ነው።

«በነፃ ካልታደለ ማንም አይለብስም»

ይህን የሚል ሰው ጥምቀት ሰሞን ጃን ሜዳ ይውጣ። ከስድስት ኪሎ ቅርብ ነው። የየሰፈሩ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ታቦት ያጅባሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ቲሸርቱን ማን ሰጣቸው? አዋጥተው ያሳተሙት ነው። ቀድሞ መዝጋቢ ይመደባል፣ የልብስ ሳይዝ ይጻፋል፣ ያልከፈለ ስሙ ይጠራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ልብስ ለማዋጣት አይሰስትም። ለቀኑ ይገባል ብሎ ማመን ብቻ ነው ያለበት።

ታላቁ ሩጫንም ተመልከቱ። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ያህል ሰው ነበር የተመዘገበው፤ በኋላ ከ40 ሺህ አለፈ። ሰው ከፍሎ ይመዘገባል፣ ቲሸርቱ አብሮ ይሰጠዋል። በዕለቱ መስቀል አደባባይን ቁልቁል ስታዩት አንድ ቀለም ነው። እዚያ ማንም ማንንም «እባክህ ልበስ» ብሎ አይለምንም። ቲሸርቱ የመግቢያው አካል ስለሆነ ያልለበሰው ነው እንግዳ የሚመስለው።

የኮሌጅ ስፖርት አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከዚያም አንድ ልጨምር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2001፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስታዲየማቸውን በአገራቸው ሰንደቅ ቀለም ሞሉት። ላይኛው ፎቅ ቀይ፣ መካከለኛው ነጭ፣ ታችኛው ሰማያዊ። ያስተባበሩት ጥቂት ተማሪዎች ናቸው፤ ጊዜያቸውም ሁለት ሳምንት አይሞላም። ቲሸርቱን በ5 ዶላር ሸጡት እንጂ በነፃ አላደሉትም። ገቢውም ለተጎጂዎች ነበር።

«ኦፊሻል ማልያ ካልሆነ ዋጋ የለውም»

ከሜዳው ማዶ ሆኖ አርማ የሚያነብ ሰው የለም። የሚታየው ቀለም ነው። የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቀለሞች ሰማያዊና ነጭ ናቸው። ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 መቀመጫቸውን በነጭ ብቻ ሞሉት፤ በ2007 ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም በሙሉ ነጭ ለበሰ። ነጭ እኛ ጋ የሌለበት ቤት የለም። ቢጠፋ ቢጠፋ የእናት ነጠላ አይጠፋም! ከቡድናችሁ ቀለሞች መካከል ሰው ቤት ያለውን ምረጡ። ሐምራዊን ለኔ ተዉልኝ።

«ሁሉም ሰው መልበስ አለበት»

የለበትም። የለበሱት አንድ ላይ ይቀመጡ እንጂ። አዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ እየተባለ ስፍራው ሁሉ ስም አለው። ቡናማና ቢጫ የለበሱ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች አንድ ቦታ ገጥመው ሲቆሙ ዓይን የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ሠላሳ ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ግድግዳ ይሆናል። መቶ ሰው ተበታትኖ ቢቀመጥ ግን አይታይም። በኔው የፍጻሜ ጨዋታ ስድስቱም ስድስት ቦታ ነበር የተቀመጡት።

«ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ ይበቃል»

አይበቃም። መልእክቱን ሁሉም ያየዋል፣ ልብ ይጫንበታል፣ ያልፋል። ከየክፍሉ አንድ ተሰሚነት ያለው ልጅ ያዙ። «ነገ ነጭ ነው አይደል?» ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ።

«ቀለም ከለበስን እናሸንፋለን»

ፔን ስቴቶች ያን የመጀመሪያ ነጭ የለበሱ ዕለት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሸንፈዋል። የኛም ብሔራዊ ቡድን በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ሐበሻ ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጎት ነበር። ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን። በዚያው ሜዳ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ ከምድብም አላለፍን። ለሰዎች ድል ቃል ገብታችሁ ካስለበሳችኋቸው፣ በተሸነፋችሁ ማግስት ቲሸርቱ ፒጃማ ይሆናል።

«ቲሸርት ካሳተምን ጨረስን»

የአዲስ አበባን ብርድ ረሳችሁት። ጨዋታው አስር ሰዓት ይጀምራል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ጃኬቱን ይደርባል። ያ ሁሉ ቀለም ጥቁርና ግራጫ ይሆናል፣ ፎቶ የሚነሳበትም ያኔ ነው። ስካርፍ አሠሩ። ከጃኬት በላይ ይጠመጠማል፣ ሳይዝ መጻፍ አያስፈልገውም፣ ጎል ሲገባም ይውለበለባል።