«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ዕድገቱ አለ፣ ሥራውስ?

ብዙ ሰው የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ጣል አድርጎ ይተወዋል፤ «ላም አለኝ በሰማይ» ካለ ሰሚው ቀሪውን በልቡ ይጨርሰዋል። «ባዶ ተስፋ» ተብሎ ሲፈታ ይሰማል፤ ይህ ፍቺ ግን ጎደሎ ነው። ተናጋሪው «ላም በኖረኝ» አላለም፣ «አለኝ» ነው ያለው። የጠፋችው ላሚቱ ሳትሆን ወተቷ ነው።

የከብት አርቢ ቤት አባባል መሆኑ ያስታውቃል። የርቢን ልማድ ለሚያውቅ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል፦ ባለቤቱ ላሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀልባታል፣ ይጠብቃታል፣ ወተቷንና ቅቤዋን ይጠቀማል፤ ጥጃውን እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። ባለቤቱ ሲጠየቅ ላም አለው፣ ጓዳው ግን እርጎ የለም። ተረቱ ላሚቱን ሰማይ ድረስ የሰቀላት ርቀቱን ለማክፋት ነው (ከ«አላይ» ጋር ቤት እንድትመታም ጭምር)።

ዛሬ አባባሉ በብዛት የሚነሳው ስለ ኢኮኖሚ ዕድገትና ሥራ አጥነት ሲወራ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ በልኩ ይገጥማል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ኦከን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ስሌት፣ በአገሩ ሥራ አጥነት በ1 መቶኛ ነጥብ ሲቀንስ ምርት በ3 በመቶ ገደማ ከፍ ይል ነበር። የስሌቱ አሠራር ቀላል ነው። ሥራ አጥነት ባለበት እንዲቆም የሚያስፈልገው ዕድገት 3 በመቶ፣ የወተቱ ልክ (ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ 1 በመቶ ዕድገት ሥራ አጥነትን የሚቀንስበት መጠን) ደግሞ 0.5 ነጥብ ነው እንበል። ኢኮኖሚው 5 በመቶ ሲያድግ ትርፉ 2 ነው፤ በ0.5 ሲባዛ ሥራ አጥነት በ1 ነጥብ ይወርዳል። ዕድገቱ 3 ላይ ከቆመ ግን ላሚቱ አለች፣ ወተት የለም፤ አዲስ ሥራ ፈላጊውና የምርታማነት ጭማሪው ይጠጡታል።

ችግሩ የወተቱ ልክ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ምርት ከስፔን የበለጠ ወደቀ፤ ሥራ አጥነቱ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ከማባረር ይልቅ ሰዓት ቀነሱ፣ ከጎደለው ደመወዝም ከፊሉን መንግሥት ሸፈነ። ስፔን ግን በግንባታና በጊዜያዊ ቅጥር ላይ ቆማ ስለነበር በ2007 ከ8 በመቶ ገደማ የነበረው ሥራ አጥነት በ2013 ወደ 26 ተጠጋ። እዚያው ስፔን ውስጥ እንኳ በዚያው ዓመት አንዳሉሺያ 36 በመቶ ገደማ ስትደርስ፣ ኢንዱስትሪ ያለው የባስክ ምድር 16 አካባቢ ነበር። አንድ አገራዊ ቁጥር ይዞ ለሁሉም ክልል መተንበይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በይፋ የሚነገረው ዕድገት ለዓመታት በ10 በመቶ ዙሪያ ነበር። የከተማ ሥራ አጥነት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ኃይል ጥናት 16.5፣ በ2021ዱ 18.7 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሶ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የ2021ዱ ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም።

የገጠሩ ቁጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ በ2013 2 በመቶ ብቻ ነበር። ባለፉት 7 ቀናት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። በአባቱ ማሳ ላይ ከአራት ወንድሞቹ ጋር የሚያርም ልጅ፣ ማሳው ለሁለት ሰው እንኳ የማይበቃ ቢሆን፣ መዝገቡ ላይ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዕድገት ቢመጣም ባይመጣም የሥራ አጥነቱ ቁጥር እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ የክልሉን ወተት ለማየት የገቢውንና የሥራ ሰዓቱን ቁጥር ማገላበጥ ይሻላል።

አንድ የአጠቃቀም ስህተት ቀረ፦ «ዕድገቱ ራሱ ውሸት ነው» ለማለት ይህን ተረት መጥቀስ። ያ ሰው ላሚቱን ራሷን ክዷል፤ ለእሱ ሌላ ተረት ይፈለግለት።