«በጎ በጎውን አስቢ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የአክስቴ ልጅ ካላለፉት አንዷ ናት። ውጤቱ የወጣ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። «አይዞሽ እታለም፣ በጎ በጎውን አስቢ» ይላታል። እሷ ጋቢ ተከናንባ «እሺ» ትላለች። ምክሩ ከልብ ነው። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ማንም አልነገራትም። ብዙ ስህተት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

«በጎ ማሰብ ማለት እንቅፋቱን አለማየት ነው»

ይሄ ጎጂ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪዬሌ ኤቲንገን ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ሁለት ዓመት ተከታትላ ነበር። ጥሩ ሥራ ይዘው ራሳቸውን በምኞት አብዝተው ያዩት፣ ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ ያገኙት ሥራም ያነሰ ሆነ። ምኞቱ እንደ ደረሱበት አድርጎ ያዝናናል። እሷ የምትመክረው ግቡንም እንቅፋቱንም ጎን ለጎን ማየትን ነው።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጋቢዋን አስወልቄ ውጤቷን በየትምህርቱ በእርሳስ አስጻፍኳት። እስከዚያ ድረስ ያየችው ድምሩን ብቻ ነበር። ባዮሎጂ ከግማሽ በላይ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚያው። ሂሳብ 31። እርሳሷን ሂሳቡ ላይ አቁማ ቆየችና «ጋሼ፣ የጣለኝ ይሄ ነዋ!» አለችኝ። «ወድቄያለሁ» ማለት ቀርቶ «ሂሳብ ይቀረኛል» ሆነ። ውጤቱ ያው ነው፤ ቢያንስ ከየት እንደምትጀምር አወቀች።

«ማዘን የለብህም፣ ዋጥ አድርገው»

ስሜትን ማፈንና ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጄምስ ግሮስ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ያፈነ ሰው ፊቱ ላይ ባይታወቅበትም ሐዘኑ ውስጡ ይቆያል። አልቅሳ ይውጣላት። ከዚያ እርሳሱን ታንሣ።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው»

እንዴት ሆኖ! እነ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያሉበት አገር ይህን ሲል ያሳዝነኛል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ጀማሪ ከሆነ የሚቆጥረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ነው። መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። እዚያ መታረም ማለት ትምህርቱ ራሱ ነው እንጂ የመክሸፍ ምልክት አይደለም። አንዱን ቃል በሰምም በወርቅም ማየት የለመደ ሰው፣ አንዱን ውድቀት በሁለት በኩል ለማየት ከማንም በላይ ቅርብ ነው።

«አመለካከትህን ካስተካከልክ ሁሉም ይሳካል»

ይህችኛዋን አልታገሣትም። አሜሪካ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ችሎታ በጥረት እንደሚያድግ የተማሩት፣ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች ከ4 የሚታሰበው አማካይ ውጤታቸው በ0.1 ያህል ጨመረ። ጥቅም ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። መጽሐፍ የሌላትን፣ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ የከረመባትን ልጅ «አመለካከትሽ ነው» ማለት ግፍ ነው። በእጇ ያለውንና የሌለውን እንድትለይ መርዳት ይሻላል። በእጇ የሌለውን ደግሞ ወላጅ፣ መምህርና መንግሥት ሊጨነቁበት ይገባል።

«በ21 ቀን ሰው ይለወጣል»

በለንደን የተደረገ አንድ ጥናት አዲስ ልማድ እስኪለመድ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል። ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ በ22ኛው ቀን የከበዳችሁ አትደንግጡ።

የሚያግዘው «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለት መስመር ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። «የማታው ቡና ሲኒ ሲነሣ ሂሳብ እጀምራለሁ። መብራት ከጠፋ ተኝቼ ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ።» ባለፈው ስደውልላት እናቷ ናት ያነሣችው። «ቡናው አሁን አለቀ፣ ሂሳቧ ላይ ናት፤ ነገ ደውል» አለችኝ።