በበረራ ሲሙሌተሮች ላይ የአውሮፕላን ጉዳትና የነዳጅ ሲስተም አሰራር

ሲሙሌተር በረራን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ዳሜጅ ሞዴል የሚባለው አውሮፕላኑ ሲመታ፣ ሲጋጭ ወይ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ምን እንደሚሆን የሚያሰላው የሲሙሌተሩ ክፍል ነው። የነዳጅ ሲስተሙ ደግሞ ነዳጁ የቱ ታንክ ውስጥ እንዳለ፣ በየት በኩል ሞተር ጋ እንደሚደርስና ስንት እንደሚመዝን ይከታተላል። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይወራሉ እንጂ አይነጣጠሉም፣ ታንኩ ተበስቶ የነዳጅ መለኪያው (ጌጁ) ካልወረደ ቀዳዳው ለምስል ብቻ ነው።

ብሩስ አርትዊክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ባወጣው የመጀመሪያ ሲሙሌተር ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር፣ ከተከሰከስክ አለቀ።

ለውጡን ያመጡት የውጊያ ሲሙሌተሮች ናቸው፣ ይሄ አያከራክርም። ብዙ ጌም ላይ አውሮፕላኑ እንደ ገፀ ባህሪ "ላይፍ" ነበረው፣ በ2001 የወጣው የኦሌግ ማዶክስ ቡድን ኢል-2 ስቱርሞቪክ ላይ ግን ጥይቱ የት እንዳረፈ ነው ወሳኙ፤ ክንፍህ ከተበሳሳ አውሮፕላኑ ወደዛ ጎን ይጎትትሃል፣ ማቀዝቀዣው ከተመታ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም ቀስ እያለ ይግላል፣ ታንክ ከተመታ ደግሞ ነዳጁ ከኋላህ ነጭ ጭራ ሰርቶ ይፈሳል። በ2011 የመጣው ተከታዩ ክሊፍስ ኦፍ ዶቨር ወደ ካርቡሬተሩ፣ ማለትም ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል፣ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች (የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች) ሞተር፣ መርሊን፣ ተንሳፋፊ ያለው ካርቡሬተር ስለነበረው አፍንጫውን ድንገት ወደታች ከገፋኸው ነዳጅ ይቋረጥና ሞተሩ ያስላል፣ ጠላትህ የጀርመኑ መሰርሽሚት 109 ግን ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በግፊት የሚረጭ፣ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ያመልጥሃል። (በእውነተኛው ጦርነት ችግሩን በ1941 ያቃለለችው ኢንጂነር ቢያትሪስ ሺሊንግ ናት፣ መሀሏ የተበሳች ትንሽ ብረት ነዳጅ መስመሩ ላይ በማስገባት።) ዲሲኤስ የሚባለው የውጊያ ሲሙሌተር ላይ ያለው የአሜሪካ ተዋጊ ፒ-51ዲ ደግሞ ከአብራሪው ጀርባ 85 ጋሎን የሚይዝ ታንክ አለው፣ ወደ 230 ኪሎ ማለት ነው፣ እሱን ሞልተህ ጠበቅ አድርገህ ከዞርክ ጭራው ይከብድና አውሮፕላኑ ከእጅህ ይወጣል።

ሲቪሎቹ ሲሙሌተሮች ጋ ሁኔታው ሌላ ነው። የ2020ው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ላይ ስትጋጭ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ አምራቾች አውሮፕላናቸው ሲበጣጠስ እንዲታይ አይፈልጉም ይባላል። ኤክስ-ፕሌን የሚባለው ሲሙሌተር የፈለግከውን ብልሽት መርጠህ እንድታስገባ ይፈቅዳል። ኤቱኤ የሚባለው ድርጅት ለሲሙሌተር የሚሰራቸው የአኩሲም አውሮፕላኖች ደግሞ የትናንቱን በደል አይረሱም፣ ሞተሩን ያላግባብ ከነዳኸው ካንዴላው ቆሽሾ ይጠብቅሃል።

ለነዳጅ ሲስተም ጥሩ መፈተኛ በእውን የደረሰው የካናዳው አየር መንገድ የኤር ትራንሳት 236 በረራ ነው። ነሐሴ 2001 ላይ ኤርባስ ኤ330ው በቀኝ ሞተሩ የነዳጅ መስመር በኩል ሲያፈስ አብራሪዎቹ የሁለቱ ክንፍ ነዳጅ አለመመጣጠኑን አይተው ክሮስፊዱን (የአንዱን ክንፍ ነዳጅ ለሌላው ጎን ሞተር የሚያደርሰውን ቫልቭ) ከፈቱት፣ የግራውም ነዳጅ በዛው ቀዳዳ ሄደ፣ ሁለቱም ሞተር ጠፍቶ ከአትላንቲክ በላይ በአየር ላይ ተንሳፍፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ፣ 306ቱም ሰው ተረፈ። ይሄን ለመድገም ሲሙሌተሩ ቀዳዳውን ታንኩ ላይ ሳይሆን መስመሩ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ከሁሉም ታንክ እኩል ብቻ የሚቀንስ ሲስተም ላይ ክሮስፊዱን ብትከፍተውም ብትዘጋውም ያው ነው።