ክሮም ማስለበጥ፦ የሚያበራው ብረት ዋጋ ከየት ይመጣል?

የመኪና ፓራውልት፣ የበር እጀታ ወይም በእጅ የተሠራ ግሪል (የመኪና የፊት ፍርግርግ) ክሮም ለማስለበጥ ዋጋ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን በትክክል የሰማ ስለማይመስለው። ይህ ሥራ እንደ ባህል በተያዘባት አሜሪካ ለአንድ ትንሽ ዕቃ ከ50 እስከ 150 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። ቀጥ ያለና ብዙ ያልተጎዳ የብረት ፓራውልት ከ500 ዶላር ተነስቶ ከ1,000 በላይ ይደርሳል። የተጣመመ፣ ዝገት የበላው ወይም ለትዕይንት የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ 2,000ን ማለፉ ብርቅ አይደለም።

ድንጋጤው የሚመጣው ደንበኛው የሚከፍለው ለክሮሙ ስለሚመስለው ነው። እስቲ እናስላው። በፓራውልቱ ላይ የሚለበጠው ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ነው እንበል። ለጌጥ የሚለበጥ ክሮም ውፍረቱ ሩብ ማይክሮን አካባቢ ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ አንዲት የጠጉር ዘለላ ከ200 ጊዜ በላይ ትወፍረዋለች። በሚዛን ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ክሮም 2 ግራም አይሞላም። ለአንድ ስኒ ቡና የሚጨመረው ስኳር ይበልጠዋል። ከሥሩ ያለው ኒኬል ግን 30 ማይክሮን ቢሆን ወደ 270 ግራም ይመዝናል። ዝገትን የሚከላከለው ኒኬሉ ነው፤ ፊት የሚያሳየውም መስታወት በአብዛኛው የእሱ ነው። ክሮሙ ኒኬሉን ከመደብዘዝና ከመጫር የሚጠብቅ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክም የሚሰጠው ስስ ሻሽ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ዋናው ድርሻ ወደ እጅ ሥራ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሥራው የሚወጣውን መርዝ ወደ መያዝ።

ክሮምየም እንደ ንጥረ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ከሳይቤሪያ የመጣ ቀይ ማዕድን ሲመረምር አገኘው፤ ውህዶቹ ቀለመ ብዙ ስለሆኑም በግሪክኛ ቀለም ከሚለው ቃል ስም ወጣለት። ለመኪና ለመብቃት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1924 በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፊንክና ቻርልስ ኤልድሪጅ ክሮምን ከገንዳ ወደ ብረት በአስተማማኝ ሁኔታ የማሻገሪያውን መንገድ አገኙ። ከዚያ በፊት የመኪና ጌጥ ናስ ወይም ኒኬል ብቻ ነበር፤ ስለሚደበዝዝ ሾፌሩ በጨርቅ ሲወለውለው ይውል ነበር። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህ ሥራ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን አንድ ጊዜ ሲያገኝ አንድ ጊዜ ሲያጣ ኖረ። በ1942 መጀመሪያ አሜሪካ ብረቱን ለጦርነት ስለፈለገችው ከፋብሪካ የወጡት ጥቂት መኪኖች ጌጣቸው በቀለም ተቀባ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ኒኬል ስለተገደበ ክሮሙ በመዳብ ላይ ብቻ እየተለበጠ ወጣ፤ የዚያን ጊዜ ጌጥ ቶሎ በመበላሸቱ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይታማል። ከዚያ ጥጋቡ መጣ። የ1958ቱ ቢዊክ ግሪል ብቻውን 160 ክሮም የለበሱ አራት ማዕዘኖች ተደርድረውበት ነበር። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ፓራውልቶች ቀላል ግጭት እንዲችሉ ሲያስገድድ የፓራውልቱ ቅርጽ ተለወጠ፤ ቀስ በቀስም ፕላስቲክ ቦታውን ወሰደ። ዛሬ በአዲስ መኪና ላይ የሚያበራው ግሪል አብዛኛውን ጊዜ ብረት ሳይሆን ክሮም የለበሰ ፕላስቲክ ነው። ከመኪና ባለቤቶች መካከል ለክሮም ቤቶች የቀሩላቸው ደንበኞች የድሮ መኪና የሚያድሱና መኪናቸውን እንደ ልባቸው የሚያስጌጡ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ሎውራይደሮችን፣ ማለትም የድሮ መኪና ወደ መሬት ዝቅ አድርገው የሚያስጌጡትን፣ የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም፤ የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ገዝተው ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን የታችኛውን እግር ሳይቀር በክሮም ያለብሱታል። እኛ አገር ይህ ወግ ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው አሮጌ ቮልሱን ለሚንከባከብ ሰው ነው፤ የፓራውልቱና የቸርኬ ክዳኑ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል።

ወደ ክሮም ቤት የገባ ሰው ዓይን የሚያርፈው ገንዳዎቹ ላይ ነው። የመዳቡ ገንዳ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ የኒኬሉ አረንጓዴ፣ የክሮሙ ደግሞ ሲንተከተክ እንደዋለ ሻይ ጥቁር ቀይ። ዕቃው በመንጠቆ ተሰቅሎ ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል፤ በየገንዳው መካከልም ተደጋግሞ በውኃ ይታጠባል፣ የአንዱ ጠብታ የሌላውን ገንዳ ስለሚያበላሽ። በተለመደው የክሮም ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር ውኃ 250 ግራም ያህል ክሮሚክ አሲድና የዚያ መቶኛ እጅ ሰልፈሪክ አሲድ ይገኛል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ይላል። በኒኬሉ ገንዳ የተሰቀለው ኒኬል ራሱ እየሟሟ ወደ ዕቃው ይሻገራል። በክሮሙ ገንዳ ግን አኖዱ፣ ማለትም ከፖዘቲቭ ጋር የሚገናኘው ብረት፣ እርሳስ ነው፣ አይሟሟም፤ ክሮሙ ከፈሳሹ ከራሱ ይወጣል። ከሚፈሰው ኤሌክትሪክ ክሮም የሚያስቀምጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። የቀረው ውኃውን እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ያፈላል፤ አረፋው ሲፈነዳ አሲዱን ይዞ እንደ ጉም ይነሳል። ይህን ጉም እንያዘው፣ ኋላ እንመለስበታለን። ኒኬሉ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ክሮሙ ግን ቡና ገንፍሎ እስኪሰክን ባለ ጊዜ ያልቃል።

ጊዜ የሚበላው ከገንዳው በፊት ያለው ነው። የድሮው ክሮም በአሲድ ይገፈፋል፣ ኒኬሉ ኤሌክትሪኩን በመገልበጥ ይወርዳል፤ ያኔ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ከላይ ሁለት ነጠብጣብ ብቻ ይታይበት የነበረ ፓራውልት ከሥሩ እንደ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ጠንቃቃ ባለሙያ ዕቃው ከመገፈፉ በፊት የቆረጠ ዋጋ የማይሰጠውም ለዚህ ነው፤ ፎቶ አይቶ «ይህን ያህል» የሚልን ሰው እኔ አላምንም። ከዚያ የተጣመመው ይቃናል፣ የተበሳው ይበየዳል፣ ይሞረዳል። ቀጥሎ ሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ለስላሳው፣ ከዚያ የባሰ ለስላሳው። እያንዳንዱ ያለፈው የተወውን ጭረት ማጥፋት አለበት። በመጨረሻም የጨርቅ ጎማ ላይ ፖሊሽ ይደረጋል። ሠራተኛው ፓራውልቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደረቱን ሰጥቶ፣ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ይጫነዋል። ጠርዙ ጎማው ላይ ከተያዘ ብረቱ ከእጁ ተነጥቆ ይወረወራል። በየመካከሉ ያቆምና በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያየዋል፤ ዓይን ያለፈውን ጉድጓድ ጣት ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ መዳብ ይለበጥና መዳቡ ራሱ ይፈገፈጋል፤ ጉድጓዱ ካልሞላ ደግሞ መዳብ፣ ደግሞ መፈግፈግ።

ቀለም ለለመደ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ትርፍ ይመስላል፤ ስቱኮ ሞልቶ ማለፍ አይቻልም ወይ ይላል። አይቻልም። ስቱኮ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ብረት አይለብስም። ቀለም ጉድለትን ይሸፍናል፤ ክሮም ግን ያጎላዋል፣ መስታወት ነውና። «ለመንገድ» እና «ለትዕይንት» በሚባሉት ሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትም ከዚህ ይመነጫል። ክሮሙ ያው ክሮም ነው፤ ልዩነቱ ስንት ሰዓት ተፈገፈገ፣ የማይታየው ጀርባስ ተነካ ወይስ ተተወ የሚለው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ትንሹ ዕቃ ነው። የድሮ መኪኖች እጀታ፣ የፊት ምልክትና የመብራት ክፈፍ ብዙዎቹ በሻጋታ የፈሰሰ የዚንክ ቅልቅል ናቸው፤ አሜሪካኖቹ በንቀት ፖት ሜታል ይሉታል። ከዓመታት በኋላ እርጥበት ከልባጡ ሥር ይገባና ፊቱን በብጉር ይሞላዋል። ያን አቃንቶ ለመለበጥ እያንዳንዷ ብጉር በደቃቅ መሰርሰሪያ ተቆፍራ ትጸዳለች። ከዚያ በሳያናይድ ገንዳ ስስ መዳብ ይለበሳል፤ አሲዱ ያለበት የመዳብ ገንዳ ዚንኩን ስለሚበላው ነው። ጉድጓዱ በስታኞ ይሞላል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና መዳብ ይለበሳል። በመዳፍ ላይ የምታርፍ አንዲት ዓርማ የሁለት ቀን ሥራ ልትሆን ትችላለች። በግራም ቢሰላ ፓራውልቱ ከእሷ ጋር አይወዳደርም። አሉሚኒየምም የራሱ ጣጣ አለው፤ አየር እንደነካው ኦክሳይድ ስለሚለብስ መጀመሪያ ዚንክ በሟሟበት ፈሳሽ ካልተነከረ ልባጡ አይዘውም፣ በኋላ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

በእጅ የተሠራ ልዩ ዕቃ ደግሞ ከፋብሪካ ዕቃ ይበልጥ ይወደዳል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሠሪው ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ጥልቅ ማዕዘን መግባት አይወድም። ስለዚህ ሥርጓዱ ክሮም ሳይነካው ቢጫ ቀለም ይዞ ይቀራል፣ የሾለው ጠርዝ ደግሞ ይቃጠላል፤ ለዚህ በቅርጹ ልክ የታጠፈ ተጨማሪ አኖድ መሥራት ይጠይቃል፣ እሱም ይከፈልበታል። ብየዳው አየር ካመቀ ቀዳዳው በፖሊሹ ጊዜ ይከፈታል። ሁለቱ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ከሆነም አሲዱ በስንጥቅ ገብቶ ውስጡ ይቀርና ከወራት በኋላ በሚያምረው ክሮም ላይ ያለቅሳል፤ ስለዚህ መውጫ ቀዳዳ ይተውለታል። ሌላው ልባጡ ብሎኑንና የብሎን ቀዳዳውን ያወፍራቸዋል፤ ዳዶው እንቢ ይላል። ዕቃው መኪናው ላይ ገጥሞ ሳይሞከር ወደ ክሮም ቤት ከሄደ፣ ኋላ አንዲት ቀዳዳ ለማስፋት መሰርሰሪያ ሲነካው ሥራው በሙሉ ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ከዋጋ በላይ ነው። ከላይ ያልነው ሃይድሮጅን ከፊሉ ወደ ብረቱ ይገባል፤ እንደ ሞላ፣ ባሌስትራና ጠንካራ ብሎን ያለ የጠነከረ ብረት ደግሞ በዚህ ይሰበራል፣ ያውም ሳይታጠፍ እንደ ሸክላ። መድኃኒቱ ከልባጥ በኋላ ወዲያው 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ምድጃ ውስጥ ማቆየት ነው። የመኪና እግር ዕቃ የሚያስለብጥ ሰው ይህ ይደረግ እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል።

ወደ ጉሙ እንመለስ። በገንዳው ውስጥ ያለው ክሮም ሄክሳቫለንት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ መርዝ ነው። ዕቃው ላይ ያረፈው ብረታማ ክሮም ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ አደጋው የሠራተኛውና የሰፈሩ ነው። አሜሪካ በ2006 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 5 ማይክሮግራም አወረደችው። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 ወዲህ ክሮሚክ አሲድን ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ከልክሏል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በግንቦት 2023 ለጌጥ የሚውለው ሄክሳቫለንት ልባጥ በ2027 እንዲቆም ወስናለች፤ ሕንፃቸውን ለሚያሻሽሉ እስከ 2030 ዕድሜ ሰጥታለች። የጉም ማጣሪያው፣ የእጣቢ ውኃው ማጽጃ፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ የሚወገደው አተላ፣ ሁሉም በደንበኛው ሂሳብ ላይ ያርፋል። ሸክሙን ያልቻሉት ቤቶች ይዘጋሉ፤ በቀሩት ዘንድ ወረፋው በወራት ይቆጠራል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ርካሽ አማራጭ አልጠፋም። ብር የሟሟበት ፈሳሽ ተረጭቶ ከላይ ግልጽ ቫርኒሽ የሚቀባበት ዘዴ በፕላስቲክም በብረትም ላይ ይሠራል፤ ጠጠር ሲመታው ግን ቀለም ነው እንጂ ብረት አይደለም። ለማርሚታማ አይታሰብም። እውነተኛው ተተኪ ትራይቫለንት የሚባለው ሌላው የክሮም ዓይነት ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ አለ፣ መርዛማነቱም እጅግ ያነሰ ነው። ችግሩ መልኩ ነው፤ ከሰማያዊው ይልቅ ትንሽ ጠቆር ወይም ሞቅ ይላል። ጥላ ውስጥ ማንም አይለየውም። የፊቱን ፓራውልት በአዲሱ አስለብጦ የኋላውን በድሮው የተወ ሰው መኪናውን ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ለአንድ ፓራውልት ብሎ የወጣ ሰው እጀታውንና የመብራት ክፈፉን ሁሉ ፈትቶ፣ በካርቶን ጭኖ ወደዚያው ቤት የሚመለሰው በዚህ የተነሳ ነው።