ባስን ከታንኳ ላይ ማጥመድ፦ የሚባለውና የሆነው

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣ ታንኳዬን የመኪናዬ ጣሪያ ላይ ስጠፍር ከጎረቤቴ ጋር እንገናኛለን። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። ሐኪም ስላዘዛቸው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ሰፈሩን ይዞራሉ።

«ዛሬም?» ይሉኛል።

«ዛሬም፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ሱቁ ዓሣ ሞልቶ የለም እንዴ?»

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ውስጥ ነው። የማጠምደው ባስ የሚባለውን ዓሣ ሲሆን፣ የምሄደውም ወደ በርክ ሐይቅ ወይም ጊዜ ሲኖረኝ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ነው፤ በታንኳ፣ ያለ ሞተር። ስለዚህ ነገር የሚባለው ብዙ ነው። አንዳንዱን ከራሳችን ሰዎች፣ አንዳንዱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠምዱ ከኖሩ አሜሪካውያን ሰምቻለሁ፤ ከግማሽ የማያንሰውን እኔም አምኜው ነበር።

«ባስ ያው ምግብ ቤት የሚቀርበው ዓሣ ነው»

አይደለም። ምግብ ቤት ሙሉውን ተጠብሶ የሚመጣው ባስ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ዓሣ ነው። አሜሪካኖች ከታንኳ ላይ የሚያጠምዱት ባስ ጨው የሌለበት ውኃ ዓሣ ሲሆን፣ ስሙ ባስ ይሁን እንጂ ዘመዶቹ ሳንፊሽ የሚባሉት ትንንሽና ደማቅ ዓሦች ናቸው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ እኔ በአማርኛ አፈ ሰፊውና አፈ ጠባቡ እላቸዋለሁ። የአፈ ሰፊው መንጋጋ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የአፈ ጠባቡ ዓይኑ ሥር ሲደርስ ያበቃል። አፈ ሰፊው ረጋ ያለ ውኃና ቅጠላ ቅጠል ይወዳል፤ አፈ ጠባቡ ድንጋይና ወራጅ ውኃ። በፖቶማክ ታችኛው ክፍል በጸደይ ሊራባ ከባሕር የሚወጣው ባለ መስመሩ ባስ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው።

የሳይንስ ስሙም የስሕተት ልጅ ነው። በ1802 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፈረንሳዊው ላሴፔድ ይህን ዓሣ ሲሰይም እጁ ላይ የነበረው ናሙና የጀርባ ክንፉ የተቀደደ ነበር። የተቀደደችው ቁራጭ ተፈጥሯዊ ክንፍ መስላው «ትንሽ ክንፍ» የሚል ትርጉም ያለውን ማይክሮፕተረስ የተባለ ስም አወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

«ባስ የፖቶማክ ተወላጅ ነው»

ይህንን የሚሉት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ በወንዙ ስለሚኮሩ አልፈርድባቸውም። እውነቱ ግን አፈ ጠባቡ ባስ ወደ ፖቶማክ የመጣው በባቡር ነው። በ1854 ሽራይቨር የሚባል ሰው ከተራሮቹ ማዶ፣ ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ዓሦችን የተበሳሳ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዕቃውን የባቡሩ ሞተር ውኃ በሚጠጣበት ታንከር ውስጥ አንጠለጠለው። ውኃው እየተናወጠ አየር ሲሰጣቸው ተራራውን ተሻገሩ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ተለቀቁ፤ ከዚያ ወንዙን ወረሱት። ዛሬ ከኔ በላይ አገሬው የሆነው ዓሣ እንደ እኔው መጤ ነው ማለት ነው። አፈ ሰፊው ዘመዱማ ወደ እኛም ተጠግቶ ነበር፤ በ1929 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ተጨምሯል።

«ትልቅ ዓሣ በትልቅ ጀልባ»

ፖቶማክ ላይ ቅዳሜ ጧት ብቅ ብትሉ የምትሰሙት ይህንን ነው፤ የምትሰሙትም በሞተር ድምፅ ነው። የባስ ውድድር ጀልባዎች እንደ ሠርግ መኪና ያብለጨልጫሉ፤ 200 እና 250 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ሞተሮች ኋላቸው አንጠልጥለው ይበርራሉ። ማዕበላቸው ደርሶ ታንኳዬን ሲያወዛውዛት መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ እጠብቃለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ሲያዩኝ ፍጥነት ይቀንሳሉ።

ነገር ግን በ1932 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰኔ 2 ቀን፣ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ወጣት ገበሬ ጆርጂያ ውስጥ ሞንትጎመሪ ሐይቅ ላይ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ የሚመዝን አፈ ሰፊ ባስ ያዘ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ነበር። ዝናብ ጥሎ ማረስ ስላልተቻለ ከጓደኛው ጋር ሊያጠምድ ወጣ፤ የተሳፈሩበትን ጀልባ ራሱ ከጣውላ ሠርቶታል። ዓሣው ተመዘነና ቤት ሄዶ ተበላ። ክብረ ወሰኑ እስካሁን አልተሰበረም። በ2009 ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ቢዋ ሐይቅ ላይ የያዘው በጥቂት ግራም ቢበልጥም፣ ደንቡ ከዚያ የሰፋ ልዩነት ስለሚጠይቅ እኩል ተብሎ ተመዘገበ።

ታንኳ ደግሞ ጀልባው የማይደርስበት ይደርሳል። ጥቂት ስንዝር ውኃ ይበቃዋል፤ የውኃ አበቦቹን ቅጠል እየጠረገ፣ በወደቀ ዛፍ ሥር እያለፈ ይገባል። በርክ ሐይቅ ላይ ነዳጅ የሚያነድ ሞተር ከነጭራሹ የተከለከለ ነው። እዚያ ሁላችንም እኩል ነን።

«ታንኳ ይገለበጣል»

ይገለበጣል። ግን በራሱ አይገለበጥም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከአንድ ትንሽ ኩሬ ዳር ቡናዬ ያለበትን ፔርሙዝ ከጀርባዬ ለማንሣት ተነሥቼ ቆምኩ። ዞርኩ። ከዚያ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። ውኃው ደረቴ ድረስ ብቻ ስለነበር አልሰጠምኩም፤ ፔርሙዙ ግን እዚያው ቀረ። ጥፋቱ የታንኳዋ አይደለም። ታንኳ ሲቀመጡበት ቅብጥብጥ የሚል ይመስላል፤ ጥቂት ካጋደለ በኋላ ግን ጎኑ ሰፍቶ ውኃውን ይደገፋል። ሚስጥሩ ክብደትን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ከወንበሩ ወርዶ መንበርከክ፣ ዕቃ ለማንሣት ከመቆም ይልቅ መሳብ። አናት ከታንኳዋ ጠርዝ ውጪ ካልወጣ ሰውነት ተከትሎ አይወጣም።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ፤ ለሁለት ሰው የተሠራች ታንኳ ላይ ብቻህን ስትሆን የኋላው ወንበር ላይ አትቀመጥ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣና ትንሽ ነፋስ እንደ በር ይገፋታል። ታንኳዋን አዙረህ የፊተኛው ወንበር ላይ ፊትህን ወደ ኋላዋ አድርገህ ተቀመጥ፤ ወደ መሐል ስለምትጠጋ ቀጥ ትላለች። ይህንን እስካውቅ ድረስ ሁለት ክረምት ሙሉ ከነፋስ ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ።

የጣና ሰዎች ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት ያውቁታል። የደንገል ታንኳቸው ላይ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው አይቼ፣ ቡናዬን ለማንሣት ሞክሬ የወደቅኩት እኔ አፍሬያለሁ። ደንገሉ አየር የያዘ ስለሆነ ታንኳው አይሰጥምም፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ግን ከውኃ እየወጣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ሕይወት አድን ጃኬቱን በተመለከተ ቀልድ የለኝም። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ታንኳው ውስጥ ይኑር ይላል፤ መኖሩ ግን መልበስ አይደለም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ጀልባ ላይ በደረሰ አደጋ ሰጥመው ከሚሞቱት አሥር ሰዎች ከስምንት የሚበልጡት ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። መጋቢት ላይ አየሩ ሞቆ ውኃው ገና በረዶ ነው፤ ዋናተኛ መሆን ያኔ አያድንም።

«ካወራህ ዓሣው ይሸሻል»

ልጆች ይዘን ስንሄድ «ዝም በሉ!» እያልን የምናሰቃያቸው በዚህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ በውኃ ውስጥ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይሁን እንጂ በአየር የመጣ ድምፅ ውኃ ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ከገጹ ነጥሮ ይመለሳል። ስለ ቤት ኪራይ ብታወሩ ባሱ ጉዳዩ አይደለም። መቅዘፊያ የታንኳዋን ጠርዝ ሲመታ፣ የእርሳስ ክብደት ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ግን ያ ድምፅ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ነው የተወለደው። ባስ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጎኑ ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመርም ንዝረቱን ያውቀዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፕላን አምራቹ ግሩማን የአሉሚኒየም ታንኳ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ጠንካሮች ስለሆኑ ዛሬም ብዙ ሐይቅ ላይ አሉ። እንደ ከበሮ ይጮኻሉ። የእኔዋ ፕላስቲክ ናት፤ ቢሆንም ወለሏ ላይ ያረጀ የመኪና ምንጣፍ አንጥፌያለሁ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የጠቀመኝ ያልገዛሁት ይህ ምንጣፍ ነው።

«ባስ የዓይን ቆብ ስለሌለው ፀሐይ ይሸሻል፤ ከረፈደ አይያዝም»

የዓይን ቆብ የሌለው ባስ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ በጠቅላላው ማለት ይቻላል የለውም። ባስ ጥላ ውስጥ የሚገባው አድፋጭ ስለሆነ ነው። ከጨለማ ሆኖ ብርሃን ላይ ያለውን ማየት ይቀላል፤ በምሽት ከመስኮት ውጪ ቆሞ መብራት የበራበትን ቤት እንደማየት ያለ ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ ተስፋ ቆርጦ መሄድ ሳይሆን ጥላውን መፈለግ ነው፤ የወደቀውን ግንድ፣ የመርከብ ማቆሚያውን ሥር፣ የቅጠሉን ጫፍ።

«ውድ ማታለያ ያስፈልጋል»

ዓሣውን የምናታልልበት የጎማ ትል ጥቂት ሳንቲም ነው። ቀሪው ሱቁ ሰውን ለማጥመድ ያንጠለጠለው ነው።

«የምትለቀው ከሆነ ለምን ትይዘዋለህ? ደግሞስ የተለቀቀ ዓሣ ይሞታል»

ሁለተኛው በአያያዝ ይወሰናል። በደረቅ እጅ የሚይዘው፣ ታንኳ ወለል ላይ የሚያንደባልለው፣ ለፎቶ አምስት ደቂቃ የሚያቆየው ሰው የለቀቀው ዓሣ በእርግጥ ሊሞት ይችላል። እጅን አርጥቦ፣ ከባዱን ዓሣ በመንጋጋው ብቻ ከማንጠልጠል ሆዱን ደግፎ፣ መንጠቆውን ውኃው ላይ እንዳለ ነቅሎ የለቀቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ታንኳ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ውኃው ክንድህ ሥር ነው። የባስ ውድድርን ያስፋፋው ሬይ ስኮት በ1972 ተወዳዳሪዎቹ የያዙትን በሕይወት እንዲለቁ ማድረግ ሲጀምር ብዙዎች ስቀውበት ነበር፤ አሁን ሳይለቅ የሚሄደው ነው የሚታፈርበት።

እኔ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጎጆ ላይ ያለውን አልነካም። ውኃው ወደ 16 እና 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ወንዱ በጅራቱ ጠጠሩን ጠርጎ ክብ ጎጆ ይሠራል። እንስቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ አባት ይቀራል። ሳይበላ ማለት ይቻላል፣ በክንፉ እያራገበ፣ የሚጠጋውን ሁሉ እየነከሰ ይጠብቃል። ያኔ መንጠቆ የሚነክሰው ርቦት አይደለም። ለደቂቃዎች ከዚያ ብታነሣው ትንንሾቹ ሳንፊሾች እንቁላሉን ይጨርሱታል።

መብላት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ከባሕር ሞገድ ጋር የሚወጣና የሚወርደው የፖቶማክ ክፍል ዓሦች ፒሲቢ የሚባል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ስላለባቸው የጤና መሥሪያ ቤቶች የመጠን ምክር አውጥተዋል፤ ከመብላት በፊት እሱን ማንበብ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ። ጋሼ አይበላም ባይ ናቸው፤ ስለዚህ በጾም ወራት ጥያቄያቸው በእጥፍ ይጸናል።

«ምንም ሳይያዝ ከተመለሱ ቀኑ ባከነ»

ከነዚህ ሁሉ ለመመለስ የሚያስቸግረኝ ይህ ነው፤ በመረጃ አይመለስም። ያለፈውን ግንቦት አንድ ጧት ልንገራችሁ።

ከበርክ ሐይቅ ላይ ጉም አልተነሣም ነበር። መቅዘፊያውን ሳላወጣ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ እያዞርኩ፣ ጠብታ እንኳ ሳይንጠባጠብ ወደ አንድ የወደቀ ግንድ ተጠጋሁ። በቆላ ጸጥታ ውስጥ ያደገ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ጆሮ የራሱን ደም ይሰማል። ተንሳፋፊዋን ማታለያ ከግንዱ አንድ ክንድ አራቅ አድርጌ ጣልኳት። ክቧ ሞገድ እስክትጠፋ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ነካ አደረግኳት።

ውኃው ተከፈተ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ባልዲ የሚያህል ጉድጓድ ተከፍቶ ማታለያዋ ጠፋች። ዘንጌ ጎበጠ፤ ከዚያ ጀልባ ላይ የማይገኘው ነገር መጣ። ታንኳዋ መሄድ ጀመረች። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ዓሣ እኔን፣ ቡናዬንና ያረጀ ምንጣፌን እየጎተተ ወደ ጥልቁ አቀና። ክሩን ስሰጠው ይወስዳል፤ ስስብ ታንኳዋ ትከተለዋለች። አንዴ ከውኃ ዘልሎ አናቱን አራገፈ፤ ወረደ፤ ቀስ በቀስ ደከመና ጎኔ መጣ። አረንጓዴ ጀርባ፣ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ ጥቁር መስመር፣ እጄን ሊውጥ የሚችል አፍ። መንጠቆዋን ነቅዬ ሆዱን ደግፌ ያዝኩት። ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ በጅራቱ ፊቴ ላይ ውኃ ረጭቶ ሄደ።

መነጽሬን በሸሚዜ ጠርጌ ቀና ስል ጉሙ ተከፍሏል። እኔ ልቀዝፍ ያሰብኩት ወደ ግድቡ በኩል ነበር። ዓሣው ግን ታንኳዋን አዙሮ አፍንጫዋን ወደ ደሴቲቱ አድርጎ ትቷታል። ወደዚያው ቀዘፍኩ።