የጨጓራ ኢንዶስኮፒና ኢአርሲፒ ለየቅል ናቸው
«ኢንዶስኮፒ ተነስቼ ደህና ነህ ተባልኩ፤ ቆሽቴም ደህና ነው ማለት ነው?» ድሬዳዋም ሐረርም ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

አይደለም። የተለመደው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባው ባለካሜራ ቱቦ፣ የሚያሳየው የምግብ ቧንቧን፣ የጨጓራንና የአንጀትን መጀመሪያ የውስጥ ግድግዳ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ አይታይም።

የሐሞትና የቆሽት መስመሮች የሚታዩበትና የሚታከሙበት ኢንዶስኮፒ፣ ኢአርሲፒ (ERCP)፣ እሱም በአፍ ይገባል፤ ግን ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ወደ አንጀት በሚወርዱባት ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ቀለም ተረጭቶ በራጅ ይታያል። ዛሬ በዋናነት ለሕክምና ነው። ለምሳሌ ከሐሞት ከረጢት የወረደ ጠጠር መስመሩን ዘግቶ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ቀዳዳዋን በጥቂቱ ሰንጥቀው ጠጠሩን ያወጡታል። ለማየት ብቻ ከሆነ ኤምአርአይ ወይም ጫፉ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፒ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ኢአርሲፒ ራሱ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ከ100 ታካሚ ከ3 እስከ 10 ያህሉን ይገጥማል፤ አብዛኛው ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ግን ይከፋል። በፊንጢጣ የሚሰጥ ኢንዶሜታሲን አደጋውን ይቀንሳል፤ የመድኃኒት አለርጂ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ይጾማል፤ ወተት ያለበት ሆጃም እንደ ምግብ ይቆጠራል። የዚያን ዕለት ጫት አይቃምም። የደም ማቅጠኛ የሚቋረጥበት ቀን እንደ መድኃኒቱ ይለያያልና በራሳችሁ አታቁሙ። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ወደ ጀርባ የሚወጋ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ጥቁር ሰገራ ከመጣ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።