የኮሚክ መጽሐፍ «ግሬድ» ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ የድሮ ኮሚክ መጻሕፍትን፣ ማለትም ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርባቸውን መጽሔቶች፣ የምንሰበስብ ጥቂት ሰዎች አለን። በወር አንድ እሑድ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ተገናኝተን ያገኘነውን እንተያያለን፣ እንለዋወጣለን፣ እንከራከራለን። አዲስ ሰው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን በመጽሐፉ ርእስ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የታተመበትን ዓመት፣ ከዚያም አንድ ቦታ ያየውን ዋጋ ይነግረናል። ሰምተን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ እናስከትላለን፦ «ግሬዱ ስንት ነው?» ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ስለ ትምህርት ቤት ክፍል ወይም ስለ ቡና ደረጃ የተጠየቀ ይመስለዋል።

የቡናው ነገር ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። የሲዳማ ቡና ናሙና ሲመረመር የተበላሹት ፍሬዎች እየተለቀሙ እንደሚቆጠሩ ሁሉ፣ ኮሚክም ደረጃ የሚወጣለት ጉድለቱ ተቆጥሮ ነው። ግሬድ ማለት አንድ ኮሚክ ከማተሚያ ቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ምን ያህል እንደተጠበቀ ወይም እንደተጎዳ የሚናገር ቁጥር ነው። ታሪኩ ማማሩን፣ ሠዓሊው መራቀቁን፣ መጽሐፉ ማርጀቱን አይመለከትም። የሚመለከተው ወረቀቱን፣ ሽፋኑን፣ ጀርባውን (ቅጠሎቹ የታጠፉበትን ጠርዝ) እና የተሰፋበትን ሽቦ ብቻ ነው።

ልኩ ከ0.5 ይጀምርና በ10 ያበቃል። 10 ዓይን የሚይዘው እንከን የሌለበት ነው፤ ከድሮ መጽሐፍ አይጠበቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። 9.4 «ኒር ሚንት» ይባላል፤ ትናንት የታተመ የሚመስል ነው። 8 «ቬሪ ፋይን»፣ 6 «ፋይን»፣ 4 «ቬሪ ጉድ»፣ 2 «ጉድ»፣ 1 «ፌር»፣ 0.5 «ፑር» ነው። በእነዚህ መካከል ሌሎች ቁጥሮችም አሉ።

ስሞቹ ሰው ያሳስታሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ «ጉድ» ሲባል ደህና መጽሐፍ ይመስለዋል። 2 የተሰጠው መጽሐፍ ግን ሽፋኑ የተጨማደደ፣ ጀርባው የተላጠ፣ ማዕዘኖቹ የደከሙ ነው፤ ጸጋው ገጾቹ የተሟሉና የሚነበቡ መሆናቸው ነው። ለጀማሪዎች «ጉድ» የሚለውን በአማርኛው ፍቺ ያዙት እላቸዋለሁ፤ ያኔ አይሳሳቱም።

ይህ ሁሉ ቁጥር ከመጀመሪያው አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ሰብሳቢዎች በፖስታ ሲገበያዩ ሻጩ «ደህና ይዞታ ላይ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ገዢው አምኖ ይከፍላል፣ ጥቅሉ ሲፈታ ደግሞ የሁለቱ «ደህና» አንድ ሳይሆን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1970 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሮበርት ኦቨርስትሪት የተባለ ሰብሳቢ የድሮ ኮሚኮችን ዋጋ የሚዘረዝር መምሪያ አሳተመ። የደረጃ ስሞቹ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም እየያዙ እንዲመጡ የዚህ መምሪያ ተከታታይ እትሞች ብዙ ረድተዋል። በ2000 ደግሞ ሲጂሲ የተባለ ኩባንያ ፍሎሪዳ ውስጥ ሥራ ጀመረ። መጽሐፉን ተቀብሎ ገጾቹን ይቆጥራል፣ ጥገና ተደርጎበት እንደሆነ ይመረምራል፣ ቁጥር ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ከፕላስቲኩ አናት ያለው መለያ ጽሑፍ መደቡ ሰማያዊ ከሆነ እንዳለ የተገኘ፣ ሐምራዊ ከሆነ የተጠገነ ነው።

ቁጥሩ ገንዘብ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት እትም ሽፋኑ ላይ ነሐሴ 1962 የሚል ሲሆን ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር። 9.6 የተሰጠው አንድ ቅጂ በ2021 በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የዚያው እትም በልጆች እጅ ያለቀ ቅጂ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ታሪኩ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ የታተመበት ወር ያው ነው፤ ልዩነቱ ከ60 ዓመት በፊት ማን ገዝቶት የት እንዳስቀመጠው ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ብርቅ የሆኑት ጥቂት ስለታተሙ አይደለም። ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት እትም ወደ 200 ሺህ ቅጂ እንደታተመ ይነገራል፤ ዛሬ የሚገኙት 100 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ልጆች አንብበው ተዋዋሷቸው፣ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሏቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ለጦሩ ሲሰበሰብ ክምር ክምሩ ተጭኖ ሄደ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮሚክ ልጆችን ያባልጋል ተብሎ በአንዳንድ ከተሞች በአደባባይ ተቃጥለዋል።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው ማስታወስ ነው። አሮጌ መጽሔት ከጠርሙስና ከቆርቆሮ ጋር ወጥቶ ይሸጣል፣ ሱቅ ይደርሳል፣ የለውዝ መጠቅለያ ይሆናል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ለውዝ ገዝቼ ስፈታው፣ መጠቅለያው በቀለም የታተመ የኮሚክ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ፈረሰኛ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ቀጥሎ የሚሆነው በሚቀጥለው ገጽ ነው። ወደ ሻጯ ተመለስኩ። የቀረው ከእኔ በፊት ከመጡት ጋር ሄዷል። ያን ገጽ አሁንም አለኝ፤ ግሬድ የለውም፤ የመሰብሰቤ መጀመሪያ ግን እሱ ነው።

ስለዚህ አዲስ የሚወጣውንም አቆዩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤታን ኮሚክስ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ታሪክ የሆነውን «ጀምበር»ን ሲያወጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን አነበብነው። ከ50 ዓመት በኋላ በንጹሕ ይዞታ የሚገኘው የታተመ ቅጂ ዛሬ አንድ ሰው ያስቀመጠው ብቻ ይሆናል።

አሁን ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ልናገር። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። መጽሐፉ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ማገላበጥ ጀርባውን ያደክመዋል። ከዚያ ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት ይደረጋል። ቀጥታ ብርሃን እጥፋትን ይደብቃል፤ አግድም ብርሃን ግን በጥፍር የተጫነችውን መስመር ሳይቀር ያወጣታል። እጥፋቱ ቀለሙን ሰብሮ ነጩን ወረቀት ካሳየ ቅጣቱ ከፍ ይላል። ጀርባው ላይ በሽቦዎቹ ዙሪያ ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ይቆጠራሉ። ሽቦው ዝጎ ከሆነ ዝገቱ ወደ ወረቀቱ መዛመቱ ይታያል። ቀጥሎ መጽሐፉ በቀስታ ይከፈትና የውስጡ ቀለም ይታያል፤ ነጭ ነው፣ ክሬም ነው፣ ወይስ ወይቧል? በመጨረሻም ይሸተታል። ሻጋታን ከዓይን በፊት አፍንጫ ያውቀዋል።

ገጽ መቁጠር ደግሞ ግዴታ ነው፤ ደስታ ከመቁጠር በኋላ ይምጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማርቭል የተባለው አሳታሚ በኮሚኮቹ ውስጥ ልጆች በመቀስ ቆርጠው የሚሰበስቧቸው የቴምብር ሥዕሎች ያትም ነበር። ዎልቨሪን የተባለው ልዕለ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የታየበት የ1974ቱ «ሀልክ» ቁጥር 181 እንዲህ ያለ ሥዕል አለበት። ሽፋኑ የሚያበራ ሆኖ ውስጡ አንዲት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለች ዋጋው ክፉኛ ይወድቃል። ያን ቀዳዳ የሠራው ልጅ ምንም አላጠፋም፤ ቁረጥ ተብሎ ቆረጠ። ሳይቆጥር የገዛው ትልቅ ሰው ግን ሊያይ ይገባው ነበር።

መጽሐፍ የሚጎዳው በእጅ ብቻ አይደለም። የድሮ ኮሚክ የታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ከእንጨት ተፈጭቶ የተሠራ ወረቀት ሊግኒን የሚባለውን የእንጨቱን ንጥረ ነገር እንደያዘ ይቀራል፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይወይባል፣ አሲድ ይፈጠርበታል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። የብራና መጻሕፍቶቻችን መቶ ዓመታትን ሲሻገሩ የጋዜጣ ወረቀት በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያልቀው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ብራናውን ያንን ያህል ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንኳ በቆዳ ማኅደር ያኖሩት ነበር። የእኛ ማኅደር ማይላር ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ልባስና ከጀርባ የሚገባ አሲድ የሌለው ካርቶን ነው።

በ1977 በዴንቨር አካባቢ ኤድጋር ቸርች የሚባል ሰው ያጠራቀማቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ኮሚኮች ተገኙ። ብዙዎቹ እንደ አዲስ ነበሩ። ሰውየው መጻሕፍቱን በጥንቃቄ ደርድሮ አስቀምጧቸዋል፤ የአገሩ ደረቅ አየርም ጠብቆለታል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። በከፍታ እንቀራረባለን፤ እኛ ግን ሐይቅ አለን። ሐይቁን እወደዋለሁ፤ መጻሕፍቶቼን ግን ከእሱ አርቃለሁ። በክረምት ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ይጣመማል፣ ከዚያ ሻጋታና ብል ይከተላሉ። እኛ ያገኘነው መላ ቀላል ነው፤ የብረት ሣጥን፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ተላቅቆ፣ ፀሐይ በማይደርስበት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አንጥላትም፤ በየሣጥኑ እናስቀምጣታለን። ፌስታል ውስጥ አጥብቆ መቋጠር ግን እርጥበቱን ከመጽሐፉ ጋር ማሰር ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ማውጣትም አይቻልም። ከዚህ የባሰው ላሚኔት ማስደረግ ነው። አንድ ወጣት ከአጎቱ የወረሰውን የ1960ዎቹ መጽሐፍ ሽፋን «እንዳይበላሽ ብዬ» ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት አስደርጎ አመጣልን። ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ ያደረገው በፍቅር ነው፤ ሆኖም በጋለ ፕላስቲክ የተጣበቀ ወረቀት መመለሻ የለውም። ወረቀቱ የተቀደደ ከሆነ ተቀድዶ ይኑር።

ግሬድን ዋጋ ማውጫ ብቻ አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። በእኛ ስብስብ ውስጥ በሚሊዮን የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው የለም፤ መጻሕፍቶቻችንን ፍሎሪዳ ድረስ ልከን አናሳሽግም። ሆኖም በየወሩ ግሬድ እናወጣለን፤ ምክንያቱም መለዋወጥ የምንችለው ስንተማመን ነው። አዳማ ያለ ሰብሳቢ በስልክ «3.5 ነው፤ የኋላ ሽፋኑ ላይ የሻይ ክብ አለ» ሲለኝ መጽሐፉን ሳላይ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ የእኔን እልክለታለሁ። ስለዚህ ያልተጻፉ ሁለት ደንቦች አሉን። አንደኛ፣ መጽሐፍህን ስታሳይ ከከፋው ማዕዘን ጀምር። ሁለተኛ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ካመነታህ ዝቅተኛውን ተናገር። ገዢው ከጠበቀው የተሻለ ሲያገኝ ሌላ ጊዜ ይመለሳል።

ባለፈው ወር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወደ ስብሰባችን መጡ። በይርጋዓለም ተማሪ ሳሉ፣ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) መምህራን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን ይመጡ በነበረበት ዘመን፣ አሜሪካዊ አስተማሪያቸው የሰጣቸውን ባለ 12 ሳንቲም ኮሚክ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውታል። ሽፋኑ ጥግ ላይ በልጅ እጅ፣ በቀለም ብዕር፣ ስማቸው በአማርኛ ተጽፏል።

«ስሜን ጽፌበታለሁ፤ አበላሸሁት እንዴ?» አሉ።

«ግሬዱን ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ጋሼ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ስም ያለበትን ከሌለበት አስበልጣለሁ» አልኳቸው።

መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ 4 አለ፣ ሌላው 3.5። ሽቦዎቹ ጠባብ የዝገት ክብ አላቸው፤ ገጾቹ ወይበዋል እንጂ አይሰበሩም፤ ቁጥራቸውም ሙሉ ነው። በ3.5 ልንዘጋ ስንል ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡና መካከሉን ገልጠው በጣታቸው አመለከቱ። ማናችንም ያላየናት የብል ቀዳዳ ከታችኛው ጠርዝ ገብታ ሦስት ገጽ ዘልቃለች።

«ይህቺን አልቆጠራችኋትም» አሉን።

2.5 ተብሎ ተጻፈ። የሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ በእሳቸው ቤት ነው።